ቅቤው ግን አልሸተተውም

በደርግ ጊዜ፣ አርባ ምንጭ አሥረኛ ክፍል ስማር የገጠመኝ ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ዛሬም ሳስበው ግን እንትፍ ማለት ያሰኘኛል።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ከሰሜን የመጣ፣ ጠዋት ጠዋት በሰልፍ ላይ ስለ ብሔረሰቦች እኩልነት ንግግር የሚያደርግልን ሰው ነበር። እሱ ቂም የያዘበት ተማሪ ቀበሌ እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አንድ ቀን «ዲስገስት» የሚል ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈ። «አንድ ነገር ሲያስጸይፋችሁ፣ ሆዳችሁ ሲገለበጥ ማለት ነው» አለና ምሳሌ ሰጠን፤ የቆጮ ሽታ እንደሚያስጸይፈው በእንግሊዝኛ። የባለሥልጣን ልጆች ሳቁ። ጠዋት ቆጮ በልተን የመጣነው አቀርቅረን ወደ ደብተራችን ገለበጥን። ለነገ እያንዳንዳችን በቃሉ ዓረፍተ ነገር ሠርተን እንድንመጣ አዘዘን።

ሰይጣን ሲያመቻቸው፣ በዚያው ቀን እናቴ ከአገራችን ከገረሴ በጭነት መኪና ወረደች። ለዚሁ መምህሬ ብላ የተጋገረ ቆጮና በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ በዘንቢል ይዛለች።

«እማ፣ ቆጮው ይቅር፤ ከሱቅ ሌላ ነገር እንግዛለት» አልኳት።

«ልጄን የሚያስተምር ሰው ቤት የሱቅ ዕቃ ይዤ ልግባ? ሰው የሚከበረው ከጓሮ በወጣ ነገር ነው» ብላ ተቆጣችኝ። እውነቱን ሳልነግራት ዘንቢሏን ተሸክሜ መራኋት።

ቤቱ ስንደርስ መምህሩ በሁለት እጁ ተቀበላት። «እማማ፣ ምን አደከመዎት? እግዜር ይስጥልኝ» ሲል በጋሞኛ ተረጎምኩላት። እሷም ጎንበስ ብላ መረቀችው።

መንገድ ከጀመርን በኋላ ዘንቢሏን መርሳቷ ትዝ አላትና እኔ ተመለስኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ አፍንጫውን ይዞ ቆጮውን ወደ ቦዩ ሲወረውር አየሁት። ውሾች ተሻሙበት። ቅቤውን ግን በኮባው እንደተጠቀለለ ይዞ ወደ ቤት ገባ። ቅቤው አልሸተተውም። ዘንቢሉን ከደጃፉ አንስቼ እንባዬን እየጠረግሁ ወጣሁ። ለእናቴ ሰጠኋትና መንገዳችንን ቀጠልን።

በማግስቱ ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። እናቴ ያመጣችለትን ቆጮ ለውሻ ጥሎ ቅቤዋን ያስቀረ ሰው እንደሚያስጸይፈኝ፣ ቃሉን በቦታው አግብቼ በእንግሊዝኛ ቀስ ብዬ አነበብኩ።

መምህሩ «ትክክል ነው። ተቀመጪ» አለ። ከዚያ ቀጣዩን ተማሪ ጠራ።

ዛሬ ነገ ቀበሌ እጠራለሁ እያልኩ ስሰጋ ከረምኩ፤ አልተጠራሁም። እሱም በየጠዋቱ ስለ እኩልነት ማውራቱን አልተወም።

እናቴ በሌላ ጊዜ ስትመጣ «መምህርሽ ስጦታዬን ወደደልኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ቅቤውን ወዶታል» አልኳት።

ምስኪን፣ ደስ አላት። ከዚያ ወዲያ በመጣች ቁጥር በእኔ እጅ ቅቤ ትልክለት ነበር። እሱም በሁለት እጁ ይቀበለኝ ነበር።

እናቴ ዛሬ የለችም። ያን የእንግሊዝኛ ቃል ግን የትም ባየው ሌላ ምሳሌ አይመጣልኝም።