በእኔ አፍ የሰው ታሪክ

ማውራት እወዳለሁ። እናቴ ልጅ ሳለሁ «ምላስሽ ቢሸጥ ቤት ይሠራልኝ ነበር» ትለኝ ነበር። አልተሸጠም፤ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ሦስተኛ ልጄን ወልጄ ወደ ሥራ ስመለስ፣ ቡልጋሪያ ከሚባለው ሰፈራችን ካዛንቺስ ቢሮዬ ድረስ በታክሲ ስመላለስ የእናቶች ፕሮግራም በጆሮዬ ሰክቼ እሰማ ነበር። የአቅራቢዎቹ ድምፅ ማር ነው። «ውድ እናት፣ በማለዳ ተነሺ። ለራስሽ ሁለት ሰዓት ስጪ። ዓላማሽን ጻፊ።» ሁለት ሰዓት ከየት አባቴ ላምጣ? እኔ ለራሴ የማገኘው ጊዜ ኡራኤል ጋ ታክሲ ስጠብቅ ብቻ ነው፤ እሱንም በግፊያ ነው። አንድ ቀን ባምቢስ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው ውስጥ እንደታፈንን «በቃ፣ እኔው ራሴ አወራዋለሁ» አልኩ።

አወራሁትም። በየሳምንቱ ረቡዕ በስልኬ አስር ደቂቃ ቀድቼ በቻናል እለቅ ጀመር። መጀመሪያ የዕድራችን ሴቶች ሰሙኝ፤ እነሱ ለእህቶቻቸው ላኩ፣ እህቶቻቸው ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቻቸው። ስለ ልጅ አስተዳደግ አላስተምርም፤ ልጆቼን ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። የምለው እናት ከሆንሽም በኋላ አንቺ ራስሽ አለሽ፣ የጀመርሽውን ጨርሺ ነው። ደግሞ ጎበዝ ነበርኩ፤ ምን አሽኮረመመኝ።

ችግሩ መቅጃ ቦታ ነበር። ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች፣ አንድ ቴሌቪዥንና «ሪሞቱን አይተሻል?» የሚል አንድ ባል አለ። ከቤታችን ፊት ለፊት ጋራዥ አለ፤ ከጓሮው ሞተሯ የወጣ አሮጌ ሰማያዊ ታክሲ ቆማለች። ባለቤቱን ባስፈቅደው «እህቴ፣ እሷ እንደሆነች የትም አትሄድም፤ ግቢና አውሪ» አለኝ። መስኮቷን ከዘጋሁት ውጭ መዶሻ ቢቀጠቅጡ እንኳ ድምፄ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ከጋራዡ ጎን ባልትና የሚሸጡ ጎረቤት አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ሃምሳን ያለፉ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ በበርበሬና በሽሮ አምስት ልጅ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሴት ናቸው። ቁጥብ ናቸው፤ ሦስት ነገር ከተናገሩ አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። አመሻሽ ላይ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። «ለሠርክ ጸሎት ነው» ይላሉ። ሰፈሩም «እትዬ እንዴት በርትተዋል!» ይላል።

አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ ኡራኤል ታክሲ መያዣው ጋ አገኘኋቸው። የመጡት ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል አልነበረም፤ ነጠላቸው ሥር ያቀፉትም ደብተር ነው። ሲያዩኝ ክው አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ዳር ሳቡኝና ነገሩኝ። እዚያው ኡራኤል አካባቢ የማታ ትምህርት ጀምረው ስምንተኛ ክፍል ደርሰዋል። ሚኒስትሪ ሊፈተኑ የቀራቸው ጥቂት ሳምንት ነው። ልጆቻቸው እንኳ አያውቁም።

«ለምን ይደብቃሉ? ያኮራል እኮ!» አልኩ።

«ብወድቅስ?» አሉ። «ብወድቅ እኔና እግዚአብሔር ብቻ እንወቀው። አደራሽን።»

«እትዬ ይሙቱ፣ ከእኔ አይወጣም!»

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ረቡዕ ደረሰ፤ የማወራው አጣሁ። ታክሲዋ ውስጥ ገብቼ ስልኬን ስከፍት ከአፌ የወጣው «አንዲት እናት አውቃለሁ» የሚል ነበር። ስም አልጠራሁም። ስም ስላልጠራሁም ራሴን ንጹሕ አደረግሁ። ግን አምስት ልጅ አልኩ፤ በልጅነቷ ከስድስተኛ ክፍል አቋረጠች አልኩ፤ ባልትና አልኩ፤ ደብተር በነጠላ ሥር አልኩ። «ለሠርክ ጸሎት ነው» ማለታቸውን ሳይቀር ተናገርኩ፣ ታሪኩን ስለሚያሳምረው። ይህን ሁሉ ከዘረዘርኩ በኋላ ስም ምን ይጨምር ነበር?

ከቀዳሁት ሁሉ እንደዚያ የተሰማልኝ የለም። ሴቶች እያለቀሱ ድምፅ ላኩልኝ። በማግስቱ ደረቴን ነፍቼ ሥራ ዋልኩ። ስመለስ የዕድራችን ሴቶች ባልትና ቤቱ ደጃፍ ተሰብስበው እትዬን ሲያቅፉ አየሁ። «ለካ ተማሪ ነዎት! ጉድ እኮ ነው! ፈተናው መቼ ነው? ውጤቱን ታዲያ እንዳይደብቁን!» እትዬ የበርበሬ ላስቲክ እንደያዙ ይስቃሉ። በሴቶቹ ትከሻ ላይ አሻግረው እኔን ሲያዩ ሳቃቸው ጠፋ። ሱቁን ዘጉና ወደ ቤታቸው ገቡ። ያን ዕለት ወደ ኡራኤል አልሄዱም። በማግስቱም አልሄዱ፣ በሠልስቱም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሴትዮዋ ትምህርት ዓይኔ እያየ ቆመ፤ ፈተናው ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ያስቆምኩት እኔው ነኝ፤ በየሳምንቱ «የጀመርሽውን ጨርሺ» እያልኩ የምለፈልፈው እኔ። በጣም አፈርኩ። ጠዋት ሰላም ስላቸው ዓይናቸውን ወደ ሚዛናቸው ይመልሳሉ። ስልክ ብደውል አያነሱም። ባሌን ባማክረው «ሽማግሌ ላኪ» አለኝ። ሽማግሌ ብልክ ሌላ ሦስት ሰው ሊሰማ አይደል? አይ የኔ አማካሪ!

አባቴ ባደገበት አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳዩ እግር ሥር ይወድቃል። ድንጋዩን የሚያወርድለትም ተበዳዩ ነው። በአዲስ አበባ መሃል ይህን ያደረገ ሰው አላየሁም። ደጃችን ላይ ግን የእግረኛ መንገድ ሊሠራ ኮብልስቶን ተከምሯል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዱን አነሳሁ። ኮብልስቶን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ማጅራት ላይ ሲወጣ ግን ልክ ያስገባል። ከነድንጋዬ መንገዱን ስሻገር የጋራዡ ሰዎች መዶሻቸውን አስቀመጡ። ሱቁ ገብቼ ተንበረከክሁ።

«ይማሩኝ እትዬ።»

 ቀና ማለት አልችልም፤ የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነው። አንገቴ ሊሰበር ደርሷል።

«ከየት አመጣሽው?» አሉ።

«ከደጅ... ከተከመረው።»

«የመንግሥት ድንጋይ ሰርቀሽ ነው ይቅርታ የምትጠይቂኝ?»

ሳቄ መጣ፤ በሳቄ ፈንታ ግን እንባዬ ቀደመኝ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አንስተው ሚዛኑ ላይ አኖሩት።

«ስሚ» አሉ። «አንደኛ፣ ከስድስተኛ ክፍል አቋረጠች ብለሻል። ከሰባተኛ ነው። እሱንም ከክፍሌ ሁለተኛ እየወጣሁ። ሁለተኛ፣ እኔ ገና ያላለቀ ነገር ነው የያዝኩት፤ አንቺ እንዳለቀ አድርገሽ አስጨበጨብሽበት። ጭብጨባው ላንቺ ሆነ። ብወድቅ ውርደቱ የማን ነው?»

እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግሁ። 

«እና ይተዉታል?» አልኩ በመጨረሻ።

«ልተወው ነበር። ሳስበው ግን ከወጣ ወጣ፤ ምን ቀረኝ? ያስቸገረኝ እንግሊዝኛው ነው። አንቺ ቢሮ በእንግሊዝኛ ትጽፊያለሽ አይደል? ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እዚያች ታክሲሽ ውስጥ ታስጠኚኛለሽ። ድንጋዩንም መልሺ።»

መለስኩ።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ከሥራ በፊት እሳቸው በሾፌሩ ወንበር፣ እኔ በጋቢናው በኩል ተቀምጠን እናጠናለን። የእንግሊዝኛ ግሥ ያናድዳቸው ነበር፤ «ሕግ ካወጡ ለምን ራሳቸው አይገዙለትም?» ይሉኛል። አመሻሽ ላይ ደብተራቸውን በግልጽ በእጃቸው ይዘው ወደ ኡራኤል ይወጣሉ። በቻናሉ አንዲት አጭር ድምፅ ብቻ ለቀቅሁ፤ «የሰው ታሪክ ሳላስፈቅድ አውርቻለሁ፣ አጥፍቻለሁ» አልኩና ረቡዕ ረቡዕ ዝም አልኩ። ዝምታ ከድንጋዩ ይከብዳል። በፈተናው ቀን የዕድራችን ሴቶች ተራ ገብተው ሱቃቸውን ጠበቁላቸው።

ውጤት የወጣ ዕለት ሮጬ ሄድኩ። ፊታቸው ምንም አይናገርም።

«እህስ እትዬ?»

«ታክሲዋን ክፈቺልኝ» አሉ።

ከፈትኩላቸው። ገብተው ስልኬን ተቀበሉኝ። በወዲያኛው በር ልገባ ስል «አንቺ ውጭ ሁኚ» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ፕሮግራሙ እኮ የኔ ነው!»

«ታሪኩ የኔ ነው» ብለው በሩን ዘጉት።

በመስታወቱ አየኋቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ መዶሻው ይጮኻል፤ አንድም ቃል አይሰማኝም። ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ልለጥፍ ምንም አልቀረኝም ነበር። ወጡና ስልኬን ሰጥተውኝ ወደ ሱቃቸው ሄዱ። እዚያው ቆሜ ለቀቅሁት፤ እንደማንኛዋም እናት በጆሮዬ ሰክቼ ሰማሁት።

መጀመሪያ ስማቸውን ተናገሩ፤ ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው፣ ቀስ ብለው። ቀጥለው «ከሰባተኛ ክፍል ነበር ያቋረጥኩት» አሉ፣ ሰባተኛን ጠበቅ አድርገው። ከዚያ «አልፌያለሁ። ዘጠነኛ ልመዘገብ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ይኸው ነው። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ጋራዡ መሃል ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስማቸውን እዚህ አልጻፍኩም። ማወቅ የፈለገ ቡልጋሪያ፣ ከጋራዡ ጎን ባልትና ቤቱ ሄዶ ራሳቸውን ይጠይቅ፤ በደስታ ይነግሩታል። ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ግን አይሂድ፤ ሱቁ ዝግ ነው።