አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ሰው

አዲሱ ማናጀራችን ሥራ የጀመሩት በመጋቢት፣ የሜዳው ሣር ገና ቡናማ እንደሆነ ነበር። በቤዝቦል አሠልጣኙን ማናጀር ይሉታል። ቡድናችን የእሑድ ቡድን ነው። በሳምንቱ ውስጥ መጋዘን የምንሠራ፣ ትምህርት ቤት የምናስተምር፣ ቧንቧ የምንጠግን ሰዎች እሑድ ከሰዓት ተሰብስበን እንጫወታለን። የቀድሞው ማናጀር ልጁ ወዳለበት ስቴት ሲዛወር፣ እስቲ ለአንድ ዓመት እንኳ እውነተኛ ባለሙያ እንቅጠር ተባለ። የተገኙት ሰው በትንንሽ ከተሞች የፕሮፌሽናል ቡድኖችን ሠላሳ ዓመት ያህል መርተው ጡረታ የወጡ፣ አቮንዴል እስቴትስ የምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። የፈረሙት ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው።

እኔ ያኔ ቡድኑ ውስጥ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ቤዝቦል ያስተማረኝ ሰው የለም። ዲቪ ደርሶን ከእህቴ ጋር ስንመጣ ጨዋታውን በዓይኔም አይቼው አላውቅም። ኮንየርስ ከተማ መጋዘን ሥራ ስገባ፣ በእረፍት ሰዓት የሥራ ጓደኞቼ በስልክ ሲያዩ አጠገባቸው ቆሜ ማየት ጀመርኩ፤ ዓይኔን የያዘው ኳስ ወርዋሪው ነበር። ዘጠኝ ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ መቺው ዱላውን ሰቅሎ፣ ሁሉም ወርዋሪውን ይጠብቃል። እሱ ካልወረወረ ምንም አይጀመርም። ከዲኬተር ከተማ ላይብረሪ መጽሐፍ ተዋስኩ። ወርዋሪው ከሚቆምበት ጉብታ እስከ መቺው ያለው ርቀት ስልሳ ጫማ ከስድስት ኢንች ነው ይላል፤ ከአፓርትመንታችን ጀርባ በሜትር ለክቼ በጠመኔ አሰመርኩ፤ ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ሣልኩ። ኳሷ መቶ ስምንት ስፌት አላት። አመልካች ጣት ስፌቱ ላይ ሲያርፍና ከስፌቱ አጠገብ ሲያርፍ ኳሷ የምትሄድበት መንገድ ይለያያል። ልዩነቱ እጄ ውስጥ እስኪገባ አንድ ሙሉ የብርድ ወቅት ፈጀብኝ።

ቡድኑ ውስጥ ያስገባኝ መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳ ጓደኛዬ ነው፤ የወርዋሪውን ኳስ የሚቀበለው ካቸር እሱ ነው፤ ከሥራ በኋላ የእኔንም ይቀበልልኛል። የቀድሞው ማናጀር ግን ወርዋሪዎቹን አንዴ መርጦ ጨርሶ ስለነበር ከጉብታው ርቆ የሜዳው ቀኝ ዳር አቆመኝ። በእኛ ደረጃ ወደ ቀኝ ዳር የሚመጣ ኳስ ጥቂት ነው። እዚያ ቆሜ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ትከሻ አየሁ። እሱ ሊወረውር ሲዘጋጅ የእኔም ጣቶች ጓንቱ ውስጥ ስፌት ይፈልጉ ነበር።

አዲሱ ማናጀር በመጡ በሁለተኛው ልምምድ፣ ጓደኛዬ ስለ እኔ ነግሯቸው ኖሮ ጉብታው ላይ አወጡኝ። እጃቸውን ጃኬታቸው ኪስ ከተው ሃያ ኳስ ስወረውር አዩ። የሱፍ ልጣጭ ተፉና ቀረብ አሉ።

«የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ትወረውራለህ?» አሉኝ።

«አይ፣ ችግር የለም። ሌሎቹ ይቅደሙ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ትንሿ ደብተራቸው ላይ ጻፉ፤ ሄዱ።

እኔ ኳሷን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅኩ ነበር። እኛ ቤት በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል ሰው የለም። ጎረቤት ብላ ሲለኝ፣ ሆዴ እየጮኸ አሁን በላሁ እላለሁ፤ እሱም እንዳልበላሁ ያውቃል፤ በሞቴ ይላል፤ ትንሽ እግደረደራለሁ፤ ከዚያ እቀመጣለሁ። ለምግብ እንዲህ ከሆነ፣ ሁሉም ሰው ለሚመኘው ቦታ እንዴት ወዲያው እሺ ይባላል? ሽማግሌው ግን ከወርዋሪዎቹ አንዱ የሆነው ቧንቧ ሠራተኛ ጋ ደርሰው ነበር። እሱ ጥያቄው ሳያልቅ «ሹር» አለ፤ እንዴታ ማለቱ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ጓደኛዬ መኪና ውስጥ ፋታ አልሰጠኝም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ መዳፌን በኳስ ስታሳብጠው ኖረህ፣ አሁን ምን ሆነህ ነው?»

«እንደገና ይጠይቁኛል ብዬ ነው።»

«ለምን? አልፈልግም አልካቸው እኮ።»

«አልፈልግም አላልኩም። ችግር የለም ነው ያልኩት።»

«እሺ፣ እኔም ዛሬ ነዳጅ ቀድተህልኝ ትሄዳለህ ወይ ስልህ ችግር የለም በለኝና እናያለን» አለ።

ሽማግሌው ጥሩ ማናጀር ነበሩ። ቀኝ ዳር ላይ እንኳ የመጀመሪያው እርምጃ ወደ ኋላ መሆን እንዳለበት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ማሸነፍ ጀመርን። ሁሉንም ነገር የሚጠይቁት ግን አንድ ጊዜ ነው። አንድ ቀን በሙቀት ውሃ ልስጥህ ሲሉኝ አይ አልኩ፤ ጠርሙሱን ለሌላው አቀበሉትና እስከ ጨዋታው ማብቂያ ደርቄ ቀረሁ። በየእሑዱ ወደ ሜዳ ስገባ ዛሬ ይጠይቁኝ ይሆናል እላለሁ። ደብተሯን ሲያወጡ ጠጋ እላለሁ። «ቀኝ ዳር» ይላሉ።

ሐምሌ ላይ መኪናዬ መካኒክ ጋ ስለነበረች አንድ እሑድ ቤት ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። እህቴ በር ላይ አገኘቻቸውና አስገባቻቸው። ቋንጣ ፍርፍር በሳህን አቀረበች። አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ አሉ።

«ቅመሱ ብቻ በላቸው» አለችኝ። ነገርኳቸው። አይ፣ በእውነት ጠግቤያለሁ አሉ።

«ሽማግሌ ሰው ከቤቴ ባዶ ሆዱን ወጣ ልታስብለኝ ነው? ለአንድ ጉርሻ የሚሆን ቦታ አያጡም በላቸው።»

ሽማግሌው ሹካውን አነሱና፣ «ስንት ጊዜ እምቢ ብል ነበር የምታምነኝ?» ብለው ጠየቁ። ተረጎምኩላት።

«ሦስቴ። ያኔም ሰምቼ እንዳልሰማሁ ነው የምሆነው» አለች፤ ሳቀች።

እሳቸውም ሳቁና በሉ። ሳህኑ ሲጋመስ ሹካቸውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«መጋቢት ላይ ስጠይቅህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ፈልገህ ነበር?»

ያቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ነበረች። አራት ወር ጠብቄያታለሁ። ቧንቧ ሠራተኛው ግን አምስት ጨዋታ አሸንፎ ነበር፤ አዎ ብል የእሱን ቦታ የለመንኩ መሰለኝ። እህቴ ሳህን ይዛ ቆማለች። ፊቴ ጋለ።

«አይ» አልኩ። «ያኔ የእውነቴን ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍርፍሩን ጨርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው ሄዱ።

«ምን አሉህ?» አለች እህቴ።

«ጥሩ ነው አሉ።»

«ታዲያ ምነው ፊትህ እንደዚህ ሆነ?»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ለእሳቸው የምላትን አንዲት አረፍተ ነገር ሳዘጋጅ ከረምኩ። መጋዘኑ ውስጥ ሣጥን ላይ መለያ ስለጥፍ በልቤ እላታለሁ። አጭር ናት፤ መወርወር እፈልጋለሁ ብቻ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ሞከርኳት። በሁለቱም ያው ከበደችኝ።

የመጨረሻው ጨዋታ ላይ፣ አምስተኛው ዙር አልቆ አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ፣ ተነሥቼ አጠገባቸው ሄድኩ።

«መወርወር እፈልጋለሁ» አልኳቸው። «መጋቢት ላይም ፈልጌ ነበር። ሐምሌም ዋሽቼዎታለሁ።»

ዓይናቸውን ከሜዳው አላነሡም። ልጣጭ ተፉ።

«ዛሬ አይሆንም» አሉ። «የቧንቧ ሠራተኛው ክንድ ገና አልደከመም። ጨዋታውን እሱ ጀምሮታል፣ እሱ ይጨርሰዋል።»

«የሚቀጥለው ዓመትስ?»

«የሚቀጥለው ዓመት እኔ የለሁም። ሚስቴ ባሕር አጠገብ መኖር ትፈልጋለች፤ እሺ ብያታለሁ።» ደብተሯን ዘግተው ኪሳቸው ከተቷት። «የሚመጣው ሰው ሳይጠይቅህ ንገረው። በመጀመሪያው ቀን። ጥሩ ክንድ ነው ያለህ።»

ወደ ቀኝ ዳር ተመለስኩ። ሳልናገር ስመኝ፣ ምኞቱ የእኔ ብቻ ስለነበር እንደፈለግሁ አደርገው ነበር፤ ራሴን ጉብታው ላይ አቆማለሁ፣ እሳቸውን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ አስመለክታቸዋለሁ። አሁን መልስ አግኝቷል። ሌላ ማናጀር ይመጣል፤ ለሌላ ማናጀር እነግረው ይሆናል። እኔ ግን ስወረውር እንዲያዩኝ የፈለግሁት እሳቸውን ነበር።

አሸነፍን። ሁሉም ቧንቧ ሠራተኛውን ለማቀፍ ወደ ጉብታው ሮጠ። ከቀኝ ዳር ያለው መንገድ ሩቅ ስለሆነ እኔ ስደርስ መበተን ጀምረው ነበር። አቀፍኩት፤ ላቡ ትከሻዬ ላይ ቀረ። ሲወርዱ እኔ ቀረሁ። ሲወረውር የዋለበት እግሩ አፈሩን ቆፍሮታል። ጫማዬን ጉድጓዱ ውስጥ አስገባሁ፤ የእሱ እግር ከእኔ በአንድ ጣት ይበልጣል።

ማናጀራችን አፈር መደልደያ ሬክ ይዘው መጡ። ከጨዋታ በኋላ ጉብታውን የሚያስተካክሉት ራሳቸው ናቸው፤ ለማንም አይሰጡም።

«ልሙላው?» አሉኝ።

«አይ» አልኳቸው። «ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ።»

ሬኩን ተደግፈው ጠበቁኝ።