ስም የማትጠራው አክስቴ

አክስቴ ቡላኦስ በሚባል የወደብ ከተማ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ለአገራችን ልጆች ታስተረጉም ነበር። ወደ የመን ሊሻገሩ መጥተው የታመሙትን ሁሉ የምትጠራቸው በአንድ ስም ነው። በሩን ገርበብ አድርጋ «ዘመዴ፣ ተራ ደርሷል» ትላለች፤ ዓይኗ ያረፈበት ሰው ተነስቶ ይገባል።

አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ ሁሉም ዘመዴ ከሆነ አይምታታብሽም?» አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደላላው እኮ በር ላይ ቁጭ ብሏል። ከእጁ ያመለጡትን እያሳደደ የሚይዛቸው በስማቸው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ልጄ።»

ከቀበርናት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትናንት ለራሴ ሕመም እዚያ ሄድኩ። ወንበሯ ላይ አዲስ አስተርጓሚ ተቀምጧል፤ ክፋት የሌለበት፣ ትሁት ሰው ነው። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና የአንዲት ሴት ስም ከነአባቷ ጮክ ብሎ ተጣራ። አግዳሚው ላይ ማንም አልተነሳም። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባ አንገቷን ደፋች። ሰውየው አልሰማችም ብሎ ነው መሰል፣ ስሙን ደገመው።

በር ላይ ቁጭ ብሎ የነበረው ሰው ተነሳ።