ሰፈር የለመደው ድምፅ

ሰውነቱ አንድ እፍኝ ነው፤ ድምፁ ግን ሰፈር ያናውጣል። ስለዚህ ነጎድጓድ ይሉታል። ሥራው ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ በታሰረባት አሮጌ መኪና ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ መለፍለፍ ነበር። ሳሙና ይሁን ፍራሽ ወይም የጉልበት ቅባት፣ የማያስተዋውቀው ነገር አልነበረም። «ዛሬ ብቻ! የመጨረሻው ቀን!» ይላል፤ የመጨረሻው ቀን ግን ዓመቱን ሙሉ አያልቅም። ሰዉም ያውቅበታል፤ እየሳቀ ይገዛዋል።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፣ ስኳር አለባት፤ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ትውላለች። አንድ ጊዜ ያንን ቅባት ገዝታ ጉልበቷን ስታሽ ደረሰባትና ከእጇ ነጠቃት።

«በሞቴ እትዬ፣ ማይክ ይዤ የምለውን እንዳታምኚ! እሱ የሆድ ነገር ነው።»

ሳቀችበት። ቅባቱንም ጣለችው።

ኮሮና ሲመጣ ጤና ቢሮ፣ ሰፈሩ የለመደው ድምፅ ይሻላል ብሎ ነጎድጓድን ቀጠረው። እውነት ተናግሮ ሊኖር ነውና ምስኪን ደስ አለው። ማስክ አድርጉ፣ ተራራቁ፣ በኋላም ክትባቱ ደርሷል እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ጮኸ። ሰፈሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ቴሌቪዥኑ ይዋሻል፣ ሐኪሙም ተከፍሎት ነው ይባላል፤ ማን እንደላከው የማይታወቅ የስልክ ቪዲዮ ግን ያለ ምስክር ይታመናል። ነጎድጓድን ሲያዩማ «ዛሬ ደግሞ በሽታ ልትሸጥልን ነው?» ይሉታል። ይህን ቻለው። ያልቻለው የእህቱን ነው።

«እትዬ፣ ስኳር ያለበትን ነው የሚጥለው። ነገ ልውሰድሽና ተከተቢ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ያለ ማይክም ጀመርክ?»

«አሁን እኮ የምሬን ነው!»

«ቅባቱንም ስታወራለት የምርህን ነበር የምትመስለው። እንዳታምኚኝ ያልከኝስ አንተው አይደለህ?»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለመናት፣ ተቆጣት፣ እግሯ ላይ ወደቀ። እሷ እቴ! ደንበኞቿን ፊት ለፊት ቆማ እየለካች፣ ትንፋሻቸውን እየተቀበለች ሰነበተች።

ከዚያ ሳል ያዛት። ትንፋሿ ሲያጥር ታክሲ ይዞ መጣ፤ እሷ ግን የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ አልነሳም አለች። ደንበኛዋ ባሳየቻት ቪዲዮ፣ ሆስፒታል የገባውን ሁሉ በኦክስጅን ይገድሉታል ተብሏል።

«አንተ ልጅ፣ አትሽጠኝ» አለችው።

ሊሸከማት እጁን ሲሰድ ወደ ግድግዳው ሸሸች። ያሳደገችው እህቱ ፈራችው። እጁን ሰበሰበ፣ ታክሲውንም መለሰው። ራሷን ስትስት ነው ተሸክሞ የሮጠው። ሐኪሙ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ?» አለ።

ከቀብሩ በኋላ ድምፅ ማጉያ የታሰረባት መኪና እንደ ወትሮው ስትዞር በተዘጋው የእህቱ በር ፊት ደረሰች። ነጎድጓድ የተሰጠውን ማስታወቂያ ተወው።

«ያሳደገችኝ እህቴ ሞታለች! ኮሮና ነው የገደላት! ስለ ፈጣሪ ብላችሁ ዛሬ እንኳ እመኑኝ!» መንገደኛው ሁሉ ቆመ። እሱም ለአፍታ፣ ሰሙኝ ብሎ ተስፋ አደረገ።

ለቅሶ ላይ አብሮት ሲያነባ የሰነበተው ፍራፍሬ ሻጭ ቀስ ብሎ ወደ መኪናዋ መስኮት ቀረበ። አዝኖለት ነበር፤ እንዳያሳፍረው ብሎም ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ።

«እሷን እንኳ የገደላት ስኳሯ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን። ምን ያህል ቢከፍሉህ ነው በሟች እህትህ የምትነግደው?»

ማይኩ አልጠፋም ነበር። ጥያቄው ከመኪናዋ ጣሪያ ላይ እያስገመገመ በመንገዱ ሙሉ ተሰማ። ከዚያ ማጉያ የወጣውን ቃል ሰፈሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነ።