ተረካቢ ያጣው ሙዚየም

ልጅ እያለሁ ቤታችን ለሁለት የተከፈለ ነበር። አባቴ ቴፒ፣ ቡና እርሻ ውስጥ ሾፌር ነበር፤ እናቴና እኔ ደግሞ ሚዛን ተፈሪ። እናቴ የከተማዋን ትንሽ ሙዚየም ትጠብቅ ነበር። ሙዚየም ይባል እንጂ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ የአካባቢው ሰዎች የሳሏቸው ሥዕሎችና ከእንጨት የፈለፈሏቸው በርጩማዎች ተደርድረውባታል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ብቻዬን ቅልብልቦሽ እጫወት ነበር። ያገራችን ዝናብ መቼ ያባራል? ጣሪያው ያፈስሳል፤ ክፍሉ ረጥቦ የከረመ እንጨት ይሸታል። የጌጫ ከተማን ገበያ የሚያሳየው ትልቁ ሥዕል ሻጋታ ሲያወጣ እናቴ በደረቅ ጨርቅ ቀስ አድርጋ ትጠርገዋለች። ከዚያ ጨርቁ ላይ የቀረውን ቀለም አይታ ጨርቁን አጥፋ ታስቀምጠዋለች።

ወደ ቴፒ እንድትዛወር ከተፈቀደላት ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። ዕቃውን ፈርሞ የሚረከባት ግን ጠፋ። የተላከው ሁሉ ሻጋታውንና ነቀዝ የበላውን እንጨት አይቶ፣ "ነገ እኔ ልጠየቅበት?" እያለ ይመለሳል። ጎረቤታችን እማማ ዘርፌ፣ "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ሲሏት አንገቷን ትደፋለች።

አንድ ቀን አባቴ በወባ መውደቁን ሰማን። እናቴ እጄን ይዛ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ገባች።

"ባለቤቴ ታሟል። እባክዎ የሚረከበኝ ሰው ይስጡኝ።"

"ወይዘሮ አልማዝ፣ ማንን ላስገድድ? ሳያስረክቡ ከሄዱ በሕግ ይጠየቃሉ።"

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሲላት ቀና ብሎ አላያትም።

እናቴ ቀረች። ቴፒ ይዘውኝ የሄዱት እማማ ዘርፌ ናቸው። አባቴ ከፍራሹ ቀና ብሎ ከኋላችን በሩን አየ።

"እናትሽስ?"

"ዕቃ እየጠበቀች ነው" አልኩት።

አባቴ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ግን መቼ ትመጫለሽ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። እናቴ ጡረታ ስትወጣ ኮሚቴ ተቋቋመና በአንድ ከሰዓት ተረከባት። ያን ሁሉ ዓመት የጠፋው ፊርማ በዚያች ከሰዓት ተገኘ።

አሁን ሁለቱም ቴፒ ናቸው። ስሄድ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ያኔ ተራርቀው ይናፈቁ ነበር፤ ዛሬ ተቀራርበው ይከባበራሉ። እናቴ ሻይ ስትቀዳለት፣ እስካሁን፣ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚፈልግ ትጠይቀዋለች።