ዘይቱን ይዤ ካዛንቺስ

ንጋት፣ ቡታጅራ አጠገብ

ከቤት ስወጣ ገና አልነጋም። ባሌ ከድር እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። የያዝኩት ጃንጥላ፣ ሹራብ፣ መታወቂያ፣ ደግሞም በነጠላ የተጠቀለለ ትልቅ የዘይቱን ቅርንጫፍ ከነፍሬው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሱ መንገድ በጓሯችን ስለሚያልፍ ገማች ኮሚቴ መጥቶ ዛፎቻችንን አየ። እኔ ደግሞ እንግዳ ይመጣል ሲባል ግቢው እንዳያሳፍረኝ ብዬ የበሰለውን ሁሉ አርግፌ፣ የወደቀውን ጠርጌ ነበር። ኮሚቴው ቅጠል ውስጥ የተደበቀውን ጥሬ ሳያይ «ፍሬ መስጠት ያልጀመረ» ብሎ ጻፈ። ሕጉን ጎረቤታችን መምህሩ ሲያስረዳን ደነገጥኩ። ፍሬ ላልጀመረ ተክል የሚካሰው ለማሳደግ የወጣበት ብቻ ነው፤ ፍሬ ለሚሰጠው ግን በዓመት የሚያስገኘው ይታሰባል። ልጆቼ የሚማሩት በዚሁ ዘይቱን ነው። አቤቱታ የሚሰማው ካዛንቺስ ያለው የመንገዱ መሥሪያ ቤት ነው ስላሉኝ፣ ከዚያ ወዲህ ከበሰለው ማስረጃዬን ቆርጬ ተነሳሁ።

ረፋድ፣ አውቶቡስ ውስጥ

ዘይቱን መደበቅ አይቻልም። ገና ዓለም ገና ሳንደርስ አውቶቡሱ በሙሉ ሸተተ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ያቀፈችው ሕፃን ነጠላዬን ትክ ብሎ ያያል። በእኛ አገር ያየ ልጅ ሳይቀምስ አይታለፍም፤ አንዷን ቀጥፌ ሰጠሁት። እናቱንስ እንዴት ልዝለላት? ከኋላ ያሉት ሽማግሌም «እኔም እኮ አይቻለሁ» አሉ።

ስታዲየም

ከአውቶቡስ ወርጄ በታክሲ ስታዲየም ደረስኩ። የካዛንቺሱ ታክሲ ረዳት ቅርንጫፉን ሲያይ በሩን ይዞ ቆመ።

«ማዘር፣ ይሄ ጫካ ይከፍላል?»

«ጭኔ ላይ እይዘዋለሁ፣ ልጄ።»

«በቃ፣ አንድ ፍሬ ለእኔ፣ አንድ ለሾፌሩ። ተስማማን?»

ተስማማን። አንድ ጨዋ ሰውዬ ጆሮው ውስጥ ቅጠል እየገባበት እስከ ካዛንቺስ ዝም ብሎ ሄደ። እሱንም ዝም ማለት ነውር ስለሆነብኝ ሲወርድ አንዷን ሰጠሁት።

ካዛንቺስ

ሆቴሉ ብዙ፣ መስታወቱ ብዙ፣ ሰዉ ሁሉ ቸኳይ። መንገድ ስሻገር መኪና እንዳይገጨኝ ቅርንጫፉን ወደፊት ዘርግቼ ነበር፤ እውነትም ሁሉም ቆመልኝ። የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ነጠላዬን አስፈታኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ማስረጃ ነው፣ ጋሼ።»

«የሚሸት ማስረጃ ዛሬ ገና አየሁ» አለና አንዷን ቀጥፎ ገመጠ። «መፈተሽ ግዴታዬ ነው፣ እህቴ።»

ከዚያ ወዲያ ቅርንጫፉን ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ።

አቤቱታ የሚሰማው ባለሙያ መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። ጉዳዬን አዳመጠና ቅርንጫፉን አገላበጠ።

«እናቴ፣ ፍሬው የታለ?»

ቅጠሉን አንድ በአንድ ስገልጥ አንዲት የበሰለች ተደብቃ አገኘሁ።

«ይህቺን ከገበያ ገዝተው እንዳላሰሯት በምን አውቃለሁ?»

«ይሳቧት፣ ልጄ።»

ሳባት። ተቀጥፋ እጁ ላይ ቀረች። አሸተታት፤ አሁንም አሸተታት። እጁ ወደ አፉ ሲሄድ ሳላስበው ክንዱን ያዝኩት።

«መጀመሪያ ይጻፉ።»

ተከትሎኝ የመጣው ጥበቃ ከበሩ ሆኖ «እኔ ምስክር ነኝ፣ አንደኛ ዘይቱን ናት» አለ። ባለሙያው ሳቀ፤ ዘይቱኗን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ደብዳቤውን ጻፈ። የእኔ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ኮሚቴው ተመልሶ ሄዶ ዛፎቹን ከነፍሬያቸው ይይ፣ ግምቱንም ያስተካክል ይላል። ማኅተም እስኪያርፍበት ድረስ ክንዱን አልለቀቅኩም። ከዚያ ከነዘሯ፣ ከነልጣጯ በላት።

ከሰዓት፣ መመለሻ

አውቶቡስ ላይ ሳልሳፈር ለከድር ደወልኩለት።

«ተሳካ» አልኩት። «ተመልሰው መጥተው ያያሉ፤ ፍሬ የሚሰጥ ብለው ይጽፉልናል።»

«እና አይቆርጧቸውም ማለት ነው?» አለኝ።

«ይቆርጧቸዋል፣ ከድር። ግን ምን እንደቆረጡ አውቀው ነው።»

«እሱም አንድ ነገር ነው» አለና «ምሳ አልበላሁም፣ ቶሎ ነይ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።