ፍንጭቴ የሰፋበት ምክንያት

ድዴን ለመታየት ሐኪም ቤት ልሄድ በተነሣሁበት ጠዋት የሠራሁትን ጅልነት ላውራ። ሐኪሟ አፌን አይታ እንዳትጸየፈኝ ብዬ ከሰል ወቀጥኩ፤ ከጨው ጋር ደባልቄ ድዴን እንደ ጠቆረ ድስት ፈተግሁት። ደማ። ቆሻሻው እየወጣ ነው ብዬ ደገምኩት። ከዚያ ከታቦር ተራራ ሥር ካለው ሰፈሬ እስከ ሐዋሳ መሃል ከተማ በባጃጅ ስወርድ አብረውኝ ለተሳፈሩት ሴቶች ፈገግ እያልኩ ነበር። ፊታቸውን ሲያዞሩ ጊዜ አፍረው ነው አልኩ።

ሐኪሟ የልጄ እኩያ የምትሆን ረጋ ያለች ሴት ናት። መብራቱን ወደ አፌ አዞረች።

"አባባ፣ ድድዎን ተነቅሰዋል እንዴ?"

"ከሰል ነው ልጄ። ለአንቺ ክብር ብዬ ነው።"

ነርሷ ከማስኳ ሥር ሳቀች። እኔ ግን ንቅሳት ሲባል ሐሳቤ ባለቤቴ ጋ ሄደ።

ድዷን የተነቀሰች ነበረች፤ ከጎጃም በልጅነቷ ይዛው የመጣችው ጌጥ። ስትስቅ ነጭ ጥርሷ ከጥቁር ድዷ ላይ ብልጭ ይላል። ወጣት ሆነን እዚሁ ሐዋሳ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሷ ታይፒስት፣ እኔ መዝገብ ቤት ነበርን። አማርኛዬ ከሲዳምኛው ጋር እየተጋጨ ስለሚወጣ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ትስቃለች። ያንን ድድ ለማየት ስል ሆን ብዬም አበላሽ ነበር። ዛሬም የማበላሸው ለዚያ ነው ብል ማን ያምነኛል!

አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ተቀምጠን፣ "ምንህ እንደሚያምር ታውቃለህ?" አለችኝ። ቁመቴን ልታነሣ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

"ፍንጭትህ። ሌላው እንዲያው አብሮት የመጣ ነው።"

በዚያች በሁለቱ የፊት ጥርሶቼ መሃል ባለች ክፍተት ተዳርኩ፤ ዕድሜዬን በሙሉም ኮራሁባት። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ፍንጭቴ እየሰፋ መጣ። በእርጅናዬ ቁንጅና የተጨመረልኝ መስሎኝ፣ ስላጭ መስታወቱን እያየሁ "ይኼን አላየሽ!" እላት ነበር። ስተፋ ደም ማየቴን ለማንም አልተናገርኩም። ቆንጆ ሰው እንከኑን አያወራም።

ይኼን ለሐኪሟ ስነግራት አልሳቀችም።

"አባባ፣ ፍንጭትዎ የሰፋው ድድዎ ስለታመመ ነው። ጥርሶቹን የያዘው አጥንት ሲሳሳ እየተራራቁ ነው።"

"እያማረብኝ አይደለም?"

"እየወለቀብዎ ነው።"

ልጄ ሁሉንም አስነቅዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዳደርግ ስትጎተጉተኝ ከርማለች። ግን ሰው ሠራሽ ጥርስ ግጥም ያለ ነው። ባለቤቴ የመረጠችው ፊት ሊጠፋ ነው ማለት ነው። "ሁለቱን የፊቶቹን ብቻ አትርፊልኝ" አልኳት።

"ድዱን ሳንቀድ እንሞክራለን። ከሥሩ የተጋገረውን ቆሻሻ እኔ እጠርጋለሁ፤ የየማታውን እርስዎ ይሠሩታል። ከሁለት ወር በኋላ ለክተን ድዱ ካልተሻለው ግን ጥርሶቹ ላይተርፉ ይችላሉ።"

ቀጭን መለኪያ በድዴና በጥርሴ መሃል እየከተተች ለነርሷ ቁጥር ታስጽፍ ጀመር። "አራት፣ አምስት፣ ሰባት።" ሰባት ስትል ደስ አለኝ። ለካ ቁጥሩ ድዱ ከጥርሱ የተላቀቀበት ጥልቀት ነው፤ ጥሩው ሦስትና ከዚያ በታች ነው። ሦስት ጥሩ የሚሆንበት ትምህርት ቤት በልጅነቴ ቢገኝ የት በደረስኩ!

አንድ ሳምንት ቀኙን፣ በሚቀጥለው ግራውን እያደነዘዘች ጠረገችልኝ። በመጀመሪያው ቀን ጉንጬ ሳይነቃ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርጄ የዓሣ ሾርባ አዘዝኩ። ባለቤቴ እሾህ እየለቀመች የምታበላኝ ቦታ ነውና እግሬ ራሱ ነው የወሰደኝ። ሾርባው ባንደኛው ጎን ገብቶ በሌላው ወጣ።

"አባባ፣ የራበው እርስዎን ነው ሸሚዝዎን?" አለኝ ዓሣ የሚበልተው ሰው።

መልስ ልሰጠው ብሞክር እሱም ፈሰሰ። እሷ ብትኖር በነጠላዋ ጫፍ አገጬን እየጠረገች ትስቅብኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከሰሉን ትቼ በለስላሳ ብሩሽ፣ በጥርሶቼ መሃል ደግሞ ጠርሙስ ማጠቢያ በምትመስል ሚጢጢ ብሩሽ በየማታው ስታገል ከረምኩ። ደሙ እያነሰ ሄዶ ቆመ።

ሁለት ወር ሲሞላ ወንበሩ ላይ ጋደም አልኩ። "ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት" እያለች ወደ ፊት መጣች። ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ ጋ ደረሰች።

"አራት። አራት።" ቀና አለች። "ሰባት ነበሩ። አይነቀሉም። ፍንጭቱ ግን ወደ ድሮው አይመለስም፤ ለክትትል በየሦስት ወሩ ይመጣሉ።"

"ይስፋ ልጄ፣ ብቻ ይኑር።"

"ማታ ማታ አንድም ቀን ሳይዘሉ አጸዱ አይደል?"

"አንድም ቀን!"

"ጎበዝ!" ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ነርሷንም "እንደ አባባ ያለ ታካሚ ይስጠን" አለቻት። እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ሦስት ምሽት ዘልያለሁ። የባለቤቴ የድሮ የሥራ ጓደኞች እየመጡ ስለ እሷ አውርተን፣ እንባችን እስኪፈስ የሳቅንባቸው ምሽቶች ናቸው። እንግዶቹ ሲሄዱ ያንን ሳቅ በብሩሽ ላጥበው አልፈለግሁም፤ እንዲያው ተኛሁ። ሐኪሟ ዘንድ የሦስት ምሽት እውነት ዕዳ አለብኝ።